የሒሳብ ሹሙ ሽኝት

ታላቅ ሰውን በሕይወት እያለ የሚያከብር ሕዝብ ጥቂት ነው። ከጥቂቶቹ አንዱ በዚህ የመንገድ ጥገና መሥሪያ ቤት ይገኛል። ሠላሳ ስምንት ሠራተኛ ያለው ይህ መሥሪያ ቤት፣ ከዘበኛ እስከ ሥራ አስኪያጅ፣ አንድም ሰው ሳያጉረመርም፣ ሒሳብ ሹሙን ለክልሉ ምክር ቤት ለማስመረጥ ሁለት ወር ሙሉ ወጥቶ ወርዷል። በዝናብ ተደብድቧል፤ ጫማ ጨርሷል፤ ለወለደችው እናቱ ያላደረገውን አድርጓል። ለምን ቢባል መልሱ አጭር ነው፤ ፍቅር ነው። ፍቅሩ እንዴት እንደ ጀመረ ግን ትንሽ መናገር ያስፈልጋል።

ሥራ አስኪያጁ ጡረታ ሊወጡ አሥራ አራት ወር የቀራቸው ሰው ነበሩ። ጨጓራቸው ታሟል፤ ፀጉራቸው ከግንባራቸው ሸሽቶ ማጅራታቸው ላይ ተጠግቷል። ከዚህ ዓለም የቀራቸው ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ አሥራ አራቱን ወር በሰላም ጨርሰው፣ ተመርቀውና ተጨብጭቦላቸው ቤታቸው መግባት። ሐኪማቸው «ንዴት ፈጽሞ አይስማማዎትም» ብሏቸዋል። መቼም ሐኪሙ ሒሳብ ሹሙን አያውቀውም።

ሒሳብ ሹሙ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንከን የማይወጣለት ሰው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሲያገለግል አንድ ቀን አላረፈደም፤ አንድ ቀን አልቀረም። ሠራተኛው «እንደ ሰው ጉንፋን እንኳ ይያዝልን» ብሎ ቢመኝም፣ ጉንፋኑ በቂ ማስረጃ ስላላቀረበ ነው መሰለኝ፣ ዝር አላለበትም። የቀረበለትን ወረቀት ሁሉ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ ያያል፤ ያገላብጣል፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ ይመረምራል፤ ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ «አልተሟላም» ብሎ ይመልሳል። አምፖል ሲቃጠል የተቃጠለው አምፖል ካልቀረበ አዲስ አይወጣም። አምፖሉ ተሰርቆ ከሆነስ? ሌባው መውሰዱን ይፈርም። ከመሥሪያ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ «መንገድ ጥገና» ከሚለው ሰሌዳ ሥር፣ በሬ የሚውጥ ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ስድስት ዓመት ተቀምጧል። አሸዋው ግቢ ውስጥ ተቆልሏል፤ አካፋው አለ፤ ሠራተኛውም አለ። የጠፋው ጉድጓዱ በየትኛው ቀን እንደ ተፈጠረ የሚያስረዳ ደብዳቤ ነው። ሠራተኛው ሒሳብ ሹሙን ከጀርባው «አቶ አልተሟላም» ይለዋል። ፊት ለፊት ግን የሚደፍር የለም።

የሥራ አስኪያጁ ትዕግሥት የተሟጠጠው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። የቢሯቸው በር ቁልፍ ተበላሽቶ ውስጥ እንዳሉ ተቆለፈባቸው። ጸሐፊያቸው አናጢ ጠራች። አናጢው «አዲስ ቁልፍ ከግምጃ ቤት ይውጣልኝ» አለ። ግምጃ ቤቱ «የሒሳብ ሹሙ ፊርማ ይምጣልኝ» አለ። የመጠየቂያው ቅጽ በበሩ ሥር ሾልኮ ገባ፤ ሥራ አስኪያጁ መሬት ላይ ተንበርክከው ፈረሙበት፤ በበሩ ሥር ሾልኮ ወጣ፤ ሒሳብ ክፍል ደረሰ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላም በዚያው በበሩ ሥር ተመልሶ መጣ። በቀይ «አልተሟላም፤ ጠያቂው በአካል ቀርበው ይፈርሙ» ይላል።

«በአካል እንዴት ልምጣ? ተቆልፎብኛል እኮ!» ብለው ጮኹ።

ሒሳብ ሹሙ ራሱ መጥቶ ከበሩ ማዶ ቆመ። «መቆለፍዎን የሚያረጋግጥ ነገር አላየሁም፣ ጌታዬ።»

«በሩን ግፋው!»

ገፋው። በሩ ንቅንቅ አላለም።

«ይሄ በሩ እንደማይከፈት ያሳያል እንጂ እርስዎ ውስጥ መሆንዎን አያሳይም።»

«ታዲያ ይሄ የማን ድምፅ ነው?»

«ድምፅ ፊርማ አይሆንም ጌታዬ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። ይቅርታው ደግሞ ከልቡ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ አራት ሰዓት ሙሉ ከቆዩ በኋላ በመስኮት ወጡ። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ቦርጭ፣ በመሰላል፣ ሠራተኛው ሁሉ ከታች ቆሞ «ቀስ! ኧረ ቀስ ይበሉ!» እያለ ወረዱ። በማግሥቱ ሒሳብ ሹሙን የሚያዛውር ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው እንደ ደንቡ ለአስተያየት ሒሳብ ክፍል ሄደ፤ እንደ ደንቡም በቀይ ተጽፎበት ተመለሰ።

መላውን ያገኘችው የሰው ኃይል ኃላፊዋ ናት። ይህች ሴት ዝምተኛ ናት፤ ዝም ስትል ግን አታርፍም። የምርጫ ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ አይታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። በሩን ገርበብ ብቻ አደረገችው፤ ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋው አልነበረም።

«ጋሼ፣ የምክር ቤት አባልነት የሙሉ ጊዜ ሥራ ነው።»

«እና?»

«አባሎቹ የሚኖሩት ዋናው ከተማ ነው። በአውቶቡስ አንድ ቀን ተኩል ያስኬዳል።»

«እና?»

«አምስት ዓመት ነው፣ ጋሼ።»

ሥራ አስኪያጁ የያዙትን ብርጭቆ ቀስ አድርገው አስቀመጡ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ልጄ» አሏት፣ «አገር ሰው ያስፈልጋታል።»

በዚያው ቀን አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ቃለ ጉባኤው «የሥራ ባልደረባችን ያላቸው ብቃት በዚህ ጠባብ ቢሮ ታፍኖ እንዳይቀር፣ ሰፋ ያለና ራቅ ያለ መድረክ እንዲያገኙ በሙሉ ድምፅ ወስነናል» ይላል። «ራቅ ያለ» የሚለው በሹፌሩ ጥያቄ የተጨመረ ነው። ከዚያም ዕጩው ተጠርቶ ገባና ተነገረው።

«እኔን?» አለ።

«እርስዎን!» አሉ።

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም!»

መነጽሩን አወለቀ። ያለ መነጽር ዓይኑ ትንንሽ ነው፤ ሕፃን ያስመስለዋል። «ሃያ ሁለት ዓመት ምሳዬን የምበላው ብቻዬን ነው» አለ፤ «የምትጠሉኝ ይመስለኝ ነበር።»

የሰው ኃይል ኃላፊዋ መሬት መሬት አየች። ሥራ አስኪያጁም፣ አይካድም፣ እውነቱን ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ግን አሥራ አራቱን ወር አሰቡና ዋጥ አደረጉት።

«ኧረ እኔ ልሙት!» አለ ሹፌሩ፤ «ማን አባቱ ነው እርስዎን የሚጠላ!»

ዕጩ ለመሆን የአምስት መቶ ነዋሪ የድጋፍ ፊርማ ያስፈልጋል። ሠራተኛው በሦስት ቀን ስድስት መቶ ሰብስቦ መጣ። ሒሳብ ሹሙ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አወረደና መቶ ዘጠና አራቱን ሰረዛቸው። ከተሰረዙት አንዱ የራሱ ፊርማ ነበር፤ ቀን አልጻፈበትም። ሠራተኛው ጥርሱን ነክሶ እንደገና በዝናብ ወጣ። እንዲህ ያለ ትጋት መንገድ ላይ ቢውል ኖሮ ከተማው ሁለት ጊዜ አስፋልት ይለብስ ነበር።

የቅስቀሳው ቀን ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሥራ አስኪያጁ ክራቫታቸውን አስተካክለው መድረኩ ላይ ወጡ። «ውድ ወገኖቼ!» አሉ፤ «ይህ ሰው ጉዳዩ በእጁ ያለፈ ሁሉ ዕድሜ ልኩን የማይረሳው ሰው ነው! በእሱ ዘመን ከመሥሪያ ቤታችን አንዲት ሚስማር ያላግባብ አልወጣችም!»

«ባግባቡም አልወጣችም» አለ የግምጃ ቤት ሠራተኛው ከኋላ ወንበር። በክርን ጎሸሙት።

ቀጥሎ ዕጩው ተነሣ። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ውኃ፣ መብራትና ሆስፒታል ሲያድሉ ነው የዋሉት። እሱ ጉሮሮውን ጠረገና «እኔ ምንም ቃል አልገባም። ቃል ለመግባት የሚያስችል ደጋፊ ሰነድ በእጄ የለም። አመሰግናለሁ» ብሎ ወረደ። ሕዝቡ ክው አለ። ሥራ አስኪያጁም «በቃ፣ አለቀልኝ» ብለው ጨጓራቸውን ያዙ። ከመሀል ግን አንዲት ባልቴት ተነሥተው «እሰይ! አንድ የማይዋሽ አየሁ!» ብለው አጨበጨቡ፤ ያኔ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ውኃና መብራት ያደሉት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቀሩ።

አሁን የቀረው አንድ ስጋት ሚስቱ ነበረች። «ባሌን አምስት ዓመት አልለቅም ብላ ብታለቅስስ?» ብለው ሥራ አስኪያጁ ሊያባብሏት ቤቷ ድረስ ሄዱ። በር ላይ ቆማ ሰማቻቸው።

«አምስት ዓመት?» አለች።

«አዎ እመቤቴ፤ ከባድ መሆኑን እናውቃለን፤ ነገር ግን ለሕዝብ ሲባል…»

«ሊደገም ይችላል?»

ሥራ አስኪያጁ ተደናገሩ። «ሕዝቡ ከፈቀደ፣ አዎ።»

«ቤተሰብ አብሮ መሄድ ግዴታ ነው?»

«ኧረ በፍጹም!»

ጃንጥላዋን ከበሩ ጀርባ አነሣች። «በሉ፣ ይሄን ሰፈር ለእኔ ይተዉልኝ» ብላ ወጣች። በዚያ ቤት አዲስ ሳሙና የሚወጣው የአሮጌው ስባሪ ቀርቦ ሲታይ መሆኑን ሥራ አስኪያጁ የሰሙት በኋላ ነው።

ሒሳብ ሹሙ ከመቶ ድምፅ ዘጠና ስድስቱን አገኘ። የቀሩት አራቱ ከእሱ ጋር ተገናኝተው የማያውቁ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም።

በሽኝቱ ዕለት አውቶቡስ ተራው ላይ የታየው እንባ ለጉድ ነበር። ሹፌሩ ተንሰቀሰቀ። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ሻንጣውን ተሸክሞ ራሱ ጫነለት። ተመራጩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «አልረሳችሁም! ምን ጊዜም አልረሳችሁም!» እያለ ሄደ። አውቶቡሱ ከዓይን ከጠፋ በኋላ እንኳ ሥራ አስኪያጁ «ምናልባት ይመለስ ይሆን?» ብለው ግማሽ ሰዓት ቆመው ተጠባበቁ።

ከዚያ ወዲያ የመጡት አምስት ሳምንታት በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ ወርቃማ ዘመን ሊባሉ ይገባቸዋል። ስድስት ዓመት የተቀመጠው ጉድጓድ በአንድ ጠዋት ተደፈነ። አምፖሎቹ ሁሉ በሩ። የሥራ አስኪያጁ ጨጓራ ድምፁ ጠፋ፤ ፊታቸው ወዛ፤ ግድግዳቸው ላይ በተሰቀለው ቀን መቁጠሪያ የሚያልፈውን ቀን በእርሳስ እየሰረዙ ያፏጩ ጀመር። የቀራቸው አሥር ወር ብቻ ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ የሥራ መግቢያ ሰዓት ሳይዛነፍ፣ በሩ ተከፈተና ተመራጩ ሻንጣውን ይዞ ገባ። ሠራተኛው በየቢሮው በር አንገቱን አወጣ።

«ክቡርነትዎ!» አሉ ሥራ አስኪያጁ፤ «ለዕረፍት መጡ?»

«ለሥራ ነው።»

«ለጉብኝት ነዋ?»

«ለሥራ፣ ጌታዬ። ወንበሬ ላይ።»

ሠራተኛው ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ተሰበሰበ። ሒሳብ ሹሙ ከደስታው ብዛት ቃሉ ይደናቀፍበታል። «እዚያ መቶ ሰባ አባላት ነን» አለ፤ «አንዱ ከትምህርት ቤት፣ አንዷ ከሆስፒታል፣ አንዱ ከማተሚያ ቤት የመጣን። በዕረፍት ሰዓት ስንጨዋወት ለካስ የሁላችንም ታሪክ አንድ ነው! ሁላችንንም ደክመው ያስመረጡን የሥራ ባልደረቦቻችን ናቸው። ሁላችንንም እያለቀሱ ነው የሸኙን። አንዱን ርዕሰ መምህርማ መምህራኑ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ተሸክመው ነው የወሰዱት!»

ሠራተኛው እርስ በርሱ ተያየ።

«ታዲያ በመጀመሪያው ጉባኤ እጄን አወጣሁ። እንዲህ የሚወዱንን ሰዎች ትተን እዚህ ምን እንሠራለን? አልኩ። አባሉ በዓመት ሁለት ቀን ብቻ ይሰብሰብ፤ ሌላውን ጊዜ በቀድሞ ሥራው ላይ ይሁን፤ ከሥራውም ላይ ያለ ራሱ ፈቃድ ማንም አያንሣው ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ግማሹ አባል አለቀሰ። በሙሉ ድምፅ አለፈ።»

ሥራ አስኪያጁ ግድግዳውን ተደገፉ። «ለአምስት ዓመት?» አሉ በቀጭን ድምፅ።

«ለአምስት ዓመት!»

ሥራ አስኪያጁ በልባቸው አሰሉ። አምስቱ ዓመት የሌላው ዕዳ ነው፤ የእሳቸው አሥር ወር ነው። አሥር ወር ምን አላት? ዓይንን ጨፍኖ ያልፋል። በዚህ ተጽናንተው ፈገግ ሊሉ ሲሞክሩ ሒሳብ ሹሙ ጠጋ ብሎ እጃቸውን ያዘ።

«እርስዎንም አልረሳሁም፣ ጌታዬ። እኔን ለዚህ ወግ ያበቁኝ እርስዎ ነዎት። በአሥር ወር ውስጥ ጥለውን ሊሄዱ መሆኑን ሳስብ አንጀቴ አልቻለም። ስለዚህ አዋጁ ላይ አንዲት አንቀጽ አስጨመርኩ፤ አባሉን ለምርጫ ያቀረበ የሥራ ኃላፊ፣ አባሉ በሥራ ላይ እስካለ ድረስ ጡረታ አይወጣም።»

ሥራ አስኪያጁ አንዱ ሰው አንድ ነገር ይናገርላቸው እንደሆነ ብለው የሠላሳ ስድስቱን ፊት በየተራ አዩ። ማን ይናገር? ሁሉም ይህን ሰው እንደሚወዱት በአደባባይ ሲመሰክሩ የከረሙ ናቸው።

«ደስ አላለዎትም?» አለ ሒሳብ ሹሙ፤ መነጽሩን አውልቆ በዚያች የሕፃን በምትመስል ዓይኑ እያያቸው።

«እጅግ… እጅግ ደስ ብሎኛል» አሉ። ድምፃቸው ሲንቀጠቀጥ ጊዜ ፍቅር መሰለውና ግጥም አድርጎ አቀፋቸው። ትከሻው ላይ ተደፍተው አለቀሱ። ሠራተኛውም ተከትሏቸው አለቀሰ፤ በዚህኛው እንባ አንድም ያስመሰለ ሰው አልነበረም።