ጋሽ ኩምሳ አይሳሳቱም

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውሃ ሊጠፋ ይችላል፣ መብራትም ሊጠፋ ይችላል፤ ሰውን ሁሉ የሚያርም ጎረቤት ግን ጠፍቶ አያውቅም። ቱሉ ዲምቱ ላለው የእኛ ብሎክ የደረሱት ክቡር ጋሽ ኩምሳ ናቸው።

ጋሽ ኩምሳ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ሲቆጣጠሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ፋብሪካው ለቀቃቸው እንጂ እሳቸው ቁጥጥሩን አልለቀቁም። የሚኒባሱ ረዳት "ሳሪስ፣ ቃሊቲ!" ብሎ ሲጣራ "ልክ አይደለም፣ ቃሊቲ ይቀድማል" ይሉታል። ለቅሶ ቤት ሟቹ በሰባ ዓመታቸው አረፉ ሲባል "ልክ አይደለም፣ ሰባ ሁለት ሞልቷቸዋል" ብለው አልቃሹን ጸጥ አሰኝተዋል። የእኔን ስም እንኳ አባቴ ሲያወጡልኝ እንደተሳሳቱ ደረጃ ላይ አቁመው አስረድተውኛል።

ይህን ሁሉ ስቀው የሚያሳልፉት ባለቤታቸው እትዬ ዳሲቱ ነበሩ። እሳቸው ናቸው መርሳት የጀመሩት። መጀመሪያ ወጡ ላይ ጨው መጨመራቸውን፣ ከዚያ የሚኖሩበትን ፎቅ ረሱ። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው ቢል ጋሽ ኩምሳ "ልክ አይደለም፣ ድካም ነው" ብለው ሐኪሙንም አርመው ተመለሱ።

ከዚያ እትዬ ዳሲቱ እናታቸውን መጠበቅ ጀመሩ።

"እናቴ ምነው ቆየች?" ይላሉ።

"እናትሽ ሞታለች። አብረን ነው የቀበርናት" ይላሉ ባላቸው።

እትዬ ዳሲቱ መርዶውን ገና ዛሬ እንደሰሙ ሆነው ያለቅሳሉ። በማግስቱ ደግሞ ያው ነው። ግድግዳችን ስስ ስለሆነ ሁሉንም እሰማለሁ። ልክ ለመሆን ሲል ሚስቱን በየቀኑ መርዶ የሚያረዳ ሰው ያየሁት ያኔ ነው።

እናግዝዎ ስንላቸው "አልተቸገርንም" ይሉናል፤ ኮታቸው ከላያቸው ላይ እየሰፋ፣ ጢማቸው ሳይላጭ። አንድ ቀን ከሰዓት ወንበር ላይ እንቅልፍ ጣላቸው። ሲነቁ እትዬ ዳሲቱ የሉም። ብሎኩ በሙሉ ወጥቶ ፈለገ፤ ታክሲ ተራው ጋ በነጠላ ጫማ ቆመው፣ ወደ እናታቸው ቤት የሚሄደውን መኪና ሲጠይቁ አገኘናቸው። ጋሽ ኩምሳ ያን ቀን ማንንም አላረሙም።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ የሚያስታምሙ ቤተሰቦች ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሪስ እንደሚሰበሰቡ ነግራኝ ነበር። ጎረቤታችን ፊርዶስ እትዬ ዳሲቱ ጋ ዋለች፤ እኔ ጋሽ ኩምሳን ይዤ ሄድኩ። እዚያ ሐጀራ የምትባል ሴት ስለ ባሏ ትናገራለች። "ሱቄን ልክፈት ብሎ ሲነሳ፣ ዛሬ በዓል ነው፣ ነገ ትከፍታለህ እለዋለሁ።"

ጋሽ ኩምሳ እጃቸውን አወጡ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

"ልክ አይደለም። ይሄ ውሸት ነው።"

"አዎ፣ ውሸት ነው ጋሼ" አለች ሐጀራ። "እርስዎ ለባለቤትዎ እውነቱን ሲነግሯቸው ምን ይሆናሉ?"

"ታለቅሳለች።"

"ከዚያስ?"

"ትረሳውና እንደገና ትጠይቀኛለች።"

"እርስዎስ?"

ጋሽ ኩምሳ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር። "እኔ ደክሞኛል" አሉ። ከጎናቸው የተቀመጡት ሰውዬ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉላቸው።

አሁን ከሰዓት ከሰዓት እኔና ፊርዶስ እየተፈራረቅን እትዬ ዳሲቱ ጋ እንቀመጣለን፤ ጋሽ ኩምሳ ይተኛሉ ወይም ወጣ ይላሉ። ምስጋና የጠበቀ ሰው ካለ እኛ ብሎክ አይምጣ። ሻይ አቀዳዳችን፣ በር አዘጋጋችን፣ የሰው እጅ አያያዛችን ሁሉ ተገምግሞ ወድቋል። ሐጀራ ስትደውልላቸው እንኳ የደወለችበት ሰዓት አይጥማቸውም፤ ካልደወለች ግን ስልኩን ደጋግመው ያያሉ።

ባለፈው እሑድ ደረጃ ላይ ተገናኘን። ባልና ሚስት ክንድ ለክንድ ተያይዘዋል። እትዬ ዳሲቱ ፊታቸው በርቷል።

"ተዋወቂው፣ ወንድሜ ሮቤራ ነው። ሊጠይቀኝ መጥቶ ነው" አሉኝ።

ሮቤራ የሚባሉት ወንድማቸው ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ጋሽ ኩምሳን አየኋቸው። ኮታቸውን ቆለፉና እጃቸውን ዘረጉልኝ።

"ሮቤራ እባላለሁ።"

ያን ደረቅ እጅ ስጨብጥ ምን ያህል እንደምወዳቸው ገባኝ። "እንኳን ደህና መጡ ጋሽ ሮቤራ" አልኳቸው።

እትዬ ዳሲቱ ወደ ባላቸው ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ባሌም ይመጣል። ጥሩ ሰው ነው፤ ትንሽ ይጨቀጭቃል እንጂ።"

"ሰምቻለሁ፣ እህቴ" አሉ ጋሽ ኩምሳ።