የዚህ ሰው ሰው ማነው?

ዛሬ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ከዋለው ሕዝብ መካከል እኔን ሳያይ ቤቱ የገባ የለም!

እንዴት ሆኜ እንዳዩኝ ልንገራችሁ? በኮት፣ በከረባት፣ ደረቴ ላይ የተነፋ የፍየል ስልቻ ታስሮብኝ!

አዎ። ስልቻ።

ሳቁ፤ እጠብቃችኋለሁ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። እኔ የአዳማ ባቡር ጣቢያ ቴሌፎን ላይ ነው የምሠራው። የሣጥኗን እጀታ አሽከረክራለሁ፣ አዳምጣለሁ፣ ከዚያ «ባቡሩ ከሞጆ ተነሥቷል!» ብዬ እጮኻለሁ። ጣቢያው በሙሉ ይተራመሳል። ተሸካሚው ይሮጣል፣ ነጋዴው ከረጢቱን ይቆጣጠራል። ድምፄን የማያውቅ የለም።

ፊቴን ግን... እሱ ሌላ ነገር ነው። የቴሌፎኗ ክፍል መስኮት የላትም።

ዘመዶቼ መንዝ ናቸው። አዳማ ከመጣሁ ዓመታት አልፈዋል፤ እሁድ ቀን ምን እንደሚሠራበት ግን እስካሁን አልገባኝም።

ታዲያ ሰሞኑን አንድ ወሬ ሰማሁ። ቢሾፍቱ ያለ አንድ አርመን ነጋዴ ጀልባ አሠርቶ ለሽርሽር ያከራያል! ለዓሣ አይደለም፣ ለጭነት አይደለም፤ እንዲያው ውሃ ላይ ለመንሸራሸር ብቻ። ሥልጣኔ እንዲህ ነው! ቲኬት ቆራጩን ተሰማን «እሁድ አብረን ብንሄድስ?» አልኩት።

«ደስ ይለኝ ነበር፤ እህቴ ታማብኛለች» አለኝ።

እህት ትታመማለች፤ ምን ይደረጋል? ብቻዬን ሄድኩ።

ገደሉን በስንት መከራ ወርጄ፣ ከረባቴን አስተካክዬ፣ ጀልባዋ ላይ ወጣሁ። መቅዘፊያውን ያዝኩ። ከዳር ትንሽ ራቅ እንዳልኩ...

ፊሽካ!

አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ዳር ቆመው በዱላቸው ይጠሩኛል። ኦቦ ጉተማ ይባላሉ፤ የሐይቁ ዘበኛ ናቸው። ባለፈው ክረምት አንዲት ጀልባ ተገልብጣ ሰው ከሰጠመ ወዲህ፣ የአገሩ ገዥ ለሽርሽር የሚወጣ ጀልባ ሁሉ እንዲፈተሽ አዘው ፊሽካውን ለእሳቸው ሰጥተዋቸዋል። ይህን እኔ በምን ልወቅ?

«አካም ጅርታ፣ ጌታው። በል ተመለስ» አሉኝ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ማጥፋት አያስፈልግም። ካጠፋህማ ሰጥመሃል።»

እኔ ደግሞ ቢሮ የዋልኩ ሰው ነኝ፤ ክርክር መች ያልፈኛል! «ፍተሻማ ከዳር ሳይነሡ ነው። አሁን እኮ ተነሥቻለሁ!»

«ሳትነሣም አቆምሃለሁ፣ ተነሥተህም አቆምሃለሁ፣ ስትመለስም አቆምሃለሁ። ንፋስ ከተነሣማ ጭራሽ አትወጣም። ዓሣ አጥማጁን አልነካውም፤ እንጀራው ነው። አንተ ግን ለጨዋታ ነው የመጣኸው።»

ለጨዋታ! ከማን ጋር እንደምጫወት ገና አልጠየቁኝም።

ፍተሻው ተጀመረ። ውሃ መጨለፊያ ቅል አለ? አለ። ትርፍ መቅዘፊያ? አለ። ጀልባዋ ታፈሳለች? ትንሽ። ከዚያ ያንን ስልቻ ከዛፍ ሥር አምጥተው ኮቴ ላይ ጥፍር አድርገው አሰሩብኝ፤ ብገለበጥ እንዲያንሳፍፈኝ ነው። ጠረኑ ገና አለቀቀውም! ፍየሉ ራሱ አብሮኝ ሊንሸራሸር የመጣ ነው የሚመስለው።

«አብሮህ ማን አለ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

ሽማግሌው ዱላቸውን ተደገፉ። «ብቻውን የሚወጣ ሰው ዳር ሆኖ የሚያየው ይኑረው ነው ትእዛዙ። ብትገለበጥ ‹ኡኡ፣ የኔ ነው!› የሚል።»

«የለኝም» ማለት ቀላል ይመስላችኋል?

ኦቦ ጉተማ ግን አላስጨነቁኝም። ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጮኹ፦

«የዚህ ሰው ሰው ማነው?»

ቢሾፍቱን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሐይቁ ገደል ውስጥ ነው፣ ድስት ግርጌ እንደቀረ ውሃ። የተናገሩት ሁሉ ይመላለሳል። ማነው... ማነው... ማነው...

ዳር ካለው ሾላ ጥላ ሥር የተቀመጡት ሁሉ ዞሩ። እኔም አየኋቸው።

የጣቢያችን ሰዎች!

ምንጣፍ ዘርግተው፣ ክብ ሠርተው። ተሰማም አለ። እህቱም አለች። ተሽሏታል፣ እግዚአብሔር ይመስገን! የበግ ጎድን ትግጣለች።

ለካ እሁድ ምን እንደሚሠራበት ሁሉም ያውቃል።

ተሰማ ብድግ አለ። ደግ ሰው ነው፣ አልዋሽም። «እናውቀዋለን! የኛው ነው!» አለ። ልቤ ዘለለች! ከዚያ ወደ ሰዎቹ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ሹክ አለ።

ቢሾፍቱ ላይ ሹክሹክታ የሚባል የለም፤ ነግሬያችኋለሁ።

«ስሙ ማን ነበር?»

ማን ነበር... ማን ነበር...

«ቴሌፎኑ!» አለ አንዱ፣ ሊረዳኝ ብሎ። «ቴሌፎኑ በላቸው!»

ኦቦ ጉተማ ወደ እኔ ዞሩ። «ቴሌፎን ስም ነው?»

አስፋው። ስሜ አስፋው ነው። እናንተ እንኳ ያዙልኝ።

ሽማግሌው መጀመሪያ ስልቻውን፣ ቀጥሎ ፊቴን አዩ። ምን እንዳነበቡበት እንጃ። «በል ውጣ፣ እኔ ቆሜ አይሃለሁ» አሉኝ። «ግን ቶሎ ተመለስ፤ ጥጆች አሉብኝ።»

ቀዘፍኩ። መሃል ስደርስ ውሃው ዝም ብሏል፤ ገደሉ ተገልብጦ ውስጡ ይታያል፣ ከነዛፉ፣ ከነወፉ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። «አየህ?» ልል አፌን ከፈትኩ።

ለማን?

ያማረ ነገር ብቻን ሲያዩት እንዴት እንደሚከብድ! ሞክራችሁታል?

ወደ ዳር ዞርኩ። የጣቢያው ሰዎች ወደ ጎድናቸው ተመልሰዋል። ኦቦ ጉተማ ብቻ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው፣ ቃላቸውን ጠብቀው ያዩኛል። እጄን አንሥቼ ለሰላምታ አወዛወዝኩላቸው።

ፊሽካ!

ለካ ውሃ ላይ እጅ ማወዛወዝ «መስጠሜ ነው፣ ድረሱልኝ» ማለት ነው!

ሕዝቡ በሙሉ ተነሣ። ሴቶቹ ኡኡ አሉ። ተሰማ፣ ያ ተሰማ፣ ከነሱሪው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገባ። «ድረሱለት! የኛ ልጅ ነው!» እያለ ይጮኻል።

እውነቱን ልንገራችሁ? ትንሽ እንዲጮኹ ተውኳቸው። ያ ሁሉ ሰው ለእኔ ሲጮህ... ደስ ይላል።

ከዚያ ኅሊናዬ አስጨነቀኝና ጮኽኩ፦ «ሰላም ልል ነው!»

ልል ነው... ልል ነው...

ከዚያ በኋላ የተባልኩትን አልደግመውም። ኦቦ ጉተማ በኦሮምኛ የጨመሩበትንም ጭምር!

ስመለስ ባቡር ውስጥ ከተሰማ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጥን። ሱሪው ገና አልደረቀም። «ምነው ሳትነግረን መጣህ? አብረን እንበላ ነበር እኮ!» አለኝ። ፊቱ ላይ ክፋት የሚባል የለም። ረስቶታል። «አብረን ብንሄድስ?» ማለቴን በእውነት ረስቶታል።

«ድንገት ነው የመጣሁት» አልኩት። ከዚያ እስከ አዳማ ድረስ መስኮት መስኮቱን አየሁ።

ግን መንገድ ላይ አንድ ነገር አሰብኩ። ጥፋቱ የሰው ብቻ ነው? እኔስ የማንን በር አንኳኩቼ አውቃለሁ? ስለዚህ ቤቴ ሳልገባ የጎረቤቴን የእትዬ ዘሀራን በር መታሁ። የወሎ ሴት ናቸው፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ሲያስላቸው «ይማርዎ» እላለሁ፣ ግን በሆዴ። ዛሬ «እንዴት አመሹ?» ልላቸው ነው፤ ሌላ ጉዳይ የለኝም።

በሩን ከፍተው አዩኝ። ከዚያ በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ።

«ማን ሞተ?» አሉኝ።

እስቲ ፍረዱኝ፤ ምን ብዬ ልመልስላቸው?