ደሳለኝ ተራራ የወደደ ዕለት

እኛ ሞትን ያን ያህል አንፈራም፤ የምንፈራው መናገሩን ነው። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የምንጠይቀው "ምን ሆኖ ሞተ?" ብለን ሳይሆን "ለልጁ ማን ይንገረው?" ብለን ነው። አገር ቤት ለዚህ ሥርዓት ነበረን። ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌዎች በር ያንኳኳሉ፣ ባለ ሐዘኑ ገና ሲያያቸው ይገባዋል፣ ይጮኻል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። እስቲ ይህን ጆሃንስበርግ ላይ ሞክሩት። እዚህ ጎህ ሳይቀድ የሚያንኳኳ ሌባ ነው፤ የሚከፍትለትም የለም። ስለዚህ መርዶአችንን እንደየአገሩ አሻሻልነው። የእናቴን ሞት ለምሳሌ ለእኔ የነገሩኝ ተራራ አስወጥተው ነው።

ደሳለኝን ላስተዋውቃችሁ። የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ኦሬንጅ ፋርም ውስጥ ስፓዛ የሚሏት የሰፈር ሱቅ አለችው። ከአገሩ እስከዚህ ያለውን መንገድ ግማሹን ጭነት መሃል ተደብቆ፣ ግማሹን በእግሩ ነው የመጣው። ከዚያ ወዲህ "እግሬን ጡረታ አውጥቼዋለሁ" ይላል፤ ትሮይቪል እኔ ቤት ሲመጣ እንኳ ደረጃው ላይ ቆሞ አናጢውን ይረግማል። እኔ ደግሞ በሥራ ፈቃድ፣ በአውሮፕላን መጥቼ ኢንሹራንስ ቢሮ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። የእሱ ወረቀት የጥገኝነት ነው፤ ከአገር ከወጣ ተመልሶ አይገባም። እኔ እንዳሻኝ እወጣለሁ፣ እገባለሁ። ወዳጅነታችን ይህን ልዩነት ረስቶት ነበር፤ ወይም የረሳሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

እንግዲህ ይህ ሰው አንድ ዓርብ ከሰዓት ደውሎ "ነገ ማጋሊስበርግ ሄደን ተራራ እንውጣ" አለኝ። በቅዳሜ። ባለ ስፓዛ ቅዳሜ ሱቁን የሚዘጋው ወይ ሲዘረፍ ወይ ሲሞት ነው። እኔ ግን አልጠረጠርኩም። የሰው ሲሆን ከሦስት ሰፈር ማዶ የምናሸተው ነገር፣ የራሳችን ሲሆን አፍንጫችን ይደፈናል። "በጤናህ ነው?" ብለው፣ "ቦርጭ አወጣሁ፤ ሐኪሙ ተንቀሳቀስ ብሎኛል" አለኝ። ቦርጩ እንኳ እውነት ነበር።

ጠዋት ባኪ በሚሏት የጭነት መኪናው መጣልኝ። ከከተማ ሳንወጣ የቀብር ሰልፍ አጋጠመን። እዚህ አገር ቅዳሜ የቀብር ቀን ነው፤ መኪናው ሁሉ መብራቱን አብርቶ፣ አውቶቡሱ ዘማሪ ሞልቶ፣ ቀስ እያለ ያልፋል። ቆመን አሳለፍናቸው። እኔ ወሬ አያልቅብኝምና "ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? ሬሳ ሳምንት ሙሉ ያስቀምጣሉ" አልኩት።

"ከሩቅ የሚመጣ ሰው እንዲደርስ ነው" አለ፣ መሪውን ጨብጦ ፊት ለፊት እያየ።

ድምፁ ጎርነን ብሏል። ጉንፋን መሰለኝ።

ተራራው ሥር ስንደርስ ስልኬን መኪናው ውስጥ ቆልፌ እንድተው ነገረኝ፤ መንገዱ ላይ ስልክ የሚቀሙ አሉ አለ። ይህን ሲሉት የሚከራከር የጆሃንስበርግ ሰው ካለ አሳዩኝ። ተውኩት። የእሱ ስልክ ግን ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ይህንንም አልጠረጠርኩም። ወጣን። እሱ በየድንጋዩ እየተቀመጠ ያለከልካል፣ እኔ ከላይ ሆኜ "ይህን ሁሉ አገር ያቋረጥከው አንተ ነህ?" እያልኩ አፌዝበታለሁ። እሱ ላቡን ብቻ ይጠርጋል። ደሳለኝ ሲሰድቡት ዝም የሚል ሰው አልነበረም። ዕረፍት ስናደርግ ያመጣውን ዳቦና ቱና የራሱን ድርሻ ጭምር ወደ እኔ እየገፋ ብላ፣ ብላ ይለኛል። ለካስ ከዚያ በኋላ እህል በአፌ እንደማይዞር ያውቅ ኖሯል።

ጫፉ ላይ ስደርስ እጆቼን ዘርግቼ ሳቅሁ፤ ፎቶ አነሳኝ። ከታች የአንድ ግድብ ውሃ በፀሐይ ያብረቀርቃል። ቅዳሜ እናቴ ጋ የምደውልበት ቀን ነው። "ስልክህን ስጠኝ እስቲ፣ ተራራ ላይ ነኝ ልበላትና ትደንግጥ" አልኩት። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታ፤ መልሶ አሰረው።

"ኔትወርክ የለም፤ ስንወርድ ትደውልላታለህ" አለኝ።

ሌላውን ሁሉ ይቅር ብዬዋለሁ። ይህችን ግን እስከ ዛሬ መዋጥ አቅቶኛል።

ስንወርድ ስልኬን ባትሪው አልቆ ስላገኘሁት ቤት ደርሼ ልደውልላት አልኩ፤ ስንመለስ ግን ደጄ ላይ መኪና ተደርድሯል። ትርፍ ቁልፌ ደሳለኝ ጋ ነበርና ለሐበሾቹ አስቀድሞ ሰጥቷቸው ኖሮ ሳሎኔ ሰው ሞልቶታል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንድ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል የምስቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የደሳለኝን ማለክለክ ላወራላቸው አፌን ከፍቼ ነበር የገባሁት።

እናቴ ያረፈችው ሐሙስ ማለዳ ነው። ዓርብ ተቀበረች። ታላቅ ወንድሜ ሐሙስ ጠዋት ለደሳለኝ ደውሎ፣ ብቻውን ነውና በሥራ ቀን እንዳትነግሩት ብሎታል። ሂልብሮው ሰፈር ያለ ሐበሻ ሁሉ ሰምቷል፤ ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው ነገር ነበር። እኔ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ የሰው ሞት በኢሜይል እየደረሰኝ ካሳ አሰላለሁ። ጠዋት ቢነግሩኝ ምሳዬን ትቼ ብሳፈር ማታውኑ አዲስ አበባ ነበርኩ።

ለቅሶው በረድ ሲል ይህንኑ ለደሳለኝ ነገርኩት። "ቢነገርህስ ምን ታደርግ ነበር?" አለኝ። "ዝም ብለህ ልትቃጠል?"

"አፈር አለብሳት ነበር።"

እንዳልገባው ሰው አየኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን አልቀረም፤ እኔ ግን እውነትን በሰዓቱ ስለ መናገር አንድ ጥሩ ንግግር በሆዴ ማዘጋጀት ጀመርኩ። ቀን ጠብቄ ልነግረው።

በዓመቱ ግድም፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት የደሳለኝ እህት ከሆሳዕና ደወለችልኝ። እያለቀሰች "አባባ አረፈ። አንተ ትቀርበዋለህ፤ እባክህ ቀስ ብለህ ንገረው" አለችኝ። በልቤ፣ ሰው እንዴት እንደሚነገረው እኔ አሳየዋለሁ አልኩ። ዛሬውኑ፣ ፊት ለፊት፣ ሳልሸሽግ። ኦሬንጅ ፋርም እስክደርስ ንግግሬን ሳወጣ ሳወርድ ሄድኩ።

ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ኋላ ቆሞ ለአንዲት ሴትዮ ዳቦ ይሸጣል። "ሳዎቦና፣ ማማ" ብሎ በዙሉ ሰላም ይላታል። ሲያየኝ ፈገግ አለ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ያዘጋጀሁት አልነበረም።

"ደሳለኝ፣ ቅዳሜ ተራራ እንውጣ?"

ለሴትዮዋ የዳቦውን መልስ ሰጣት። ከዚያ ባዶ የለስላሳ ሳጥን ስቦ ተቀመጠ።

"እናቴ ናት አባቴ?" አለኝ።

"አባባ።"

"መቼ?"

"ዛሬ ማለዳ።"

"ቀብሩስ?"

"ነገ።"

እጁ ላይ የቀረውን ሳንቲም ኪሱ ከተተ። "ይደረስ ነበር" አለ በመጨረሻ። "ያንተ ወረቀት ቢኖረኝ።"

ያን ጊዜ፣ ቢነገርህስ ምን ታደርግ ነበር ያለኝ ከየት እንደመጣ ገባኝ። በራሱ ወረቀት ለክቶኝ ነበር። ንግግሬን ዋጥኩና እኔም ሳጥን ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ እህቱ ቀብሩን በቪዲዮ ደወለችለት። ሱቁን ዘግቶ፣ ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ አባቱን አፈር ሲያለብሱ እያየ በሁለት እጁ መሬቱን ይደበድባል። በሰዓቱ ተነግሮታል፤ እኔ የተመኘሁት ሁሉ ደርሶታል። ስልኩን ነጥቄ "ኔትወርክ የለም" ብዬው ቢሆን ደስ ባለኝ።