ሁልጊዜ የሚከብደው ቃታ

ቨርሊን ጠዋት ጠዋት ከቁርስ በኋላ ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ ያረጋግጣል። አፈሙዙ ጫፍ ላይ አንዲት ሳንቲም ያስቀምጣል፤ ክንዱን ይዘረጋና ቃታውን ይስባል። ሳንቲሟ ካልወደቀች ጎበዙ እሱ ነው። ከወደቀች ጥፋቱ የሽጉጡ ነው።

እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለበት የተኳሾች ክበብ በአሜሪካዋ ሞንታና ምድር አይገኝም። ኢላማ በሳተ ቁጥር ነፋሱን፣ ጥይቱን፣ ፋብሪካውን ይከሳል፤ ራሱን በነፃ ያሰናብታል። ከራሱ ቤት ጎን ባለችው ሱቅ ሽጉጥ ሲያስተካክል ያረጀው ኤምሪ ብዙዎቹን ያውቃቸዋል። የሁሉም ሊቀ መንበር ግን ጌታው ቨርሊን ነው። የሽጉጡን ማነጣጠሪያ አስቀይሯል። እጀታውን ከዋልነት እንጨት አሠርቶ፣ ሳምንት ሳይሞላው "ያንሸራትታል" ብሎ መልሶታል። አፈሙዙ ተለውጧል፤ ሞላዎቹም ተለውጠዋል። ከፋብሪካ ከወጣው ሽጉጥ የቀረው ቁጥሩ የተቀረጸበት ብረት ብቻ ነው። ሚስቱ ናዲን፣ "እኔን እስካሁን አለመቀየሩ ነው የሚገርመኝ" ትላለች።

ደግሞም መተኮሱን ይችልበት ነበር። በአንድ እጅ በሚተኮሰው የቅዳሜ ውድድር የሚያሸንፈው ጠፍቶ ኖሯል።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ሳንቲሟ በየጠዋቱ መውደቅ ጀመረች። ቨርሊንም በየረቡዑ ኤምሪ ሱቅ መምጣት ጀመረ። "ቃታው ከብዷል።" ኤምሪ ያቀልለታል። "አሁን ገና ሽጉጥ ሆነ!" ብሎ ይሄዳል፤ በሳምንቱ ቃታው ተመልሶ ይከብዳል። ኤምሪ ነገሩ የገባው ቨርሊን የካፖርቱን ቁልፍ ለመፍታት ሲታገል ያየው ዕለት ነው። ዝም አለ። ከተናገረ ቨርሊን እንደሚቀርና እሱም ረቡዕ የሚባል ቀን እንደማይኖረው አስቦ ነው።

ባለፈው ረቡዕ ቨርሊን ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

"ቅዳሜ ውድድር ነው። ትንሽ አቅልልኝ።"

"ከዚህ በላይ ካቀለልኩት ስታስነጥስ ይተኩሳል።"

"እንግዲያው አላስነጥስም።"

"ቨርሊን።"

"ምን ሆንክ አንተ ሰው? እርጅናው ከሆነ ንገረኝና ሌላ ባለሙያ ልፈልግ።"

ኤምሪ ሞረዱን አስቀመጠ። "ያለፈው ቅዳሜ ሳታስበው ተኩሱ አመለጠህ። ጥይቷ አጠገብህ በቆመው በዱዌን እግር ስር ነው የገባችው። እሱም አይቶ ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልኩ። ሽጉጡ ምንም አልሆነም።"

ቨርሊን ሊስቅ ሞከረና ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። በቆርቆሮ ሳህን ውስጥ ያሉት ትናንሽ ሞላዎች መንሿሿት ጀመሩ። በግራው ቀኙን ጨበጠ። ድምፁ አላቆመም።

"ናዲን ታውቃለች?" አለ ኤምሪ።

"ሸሚዜን የምትቆልፍልኝ እሷ አይደለች?"

ሽጉጡን ወደ ኤምሪ ገፋው። "አንተ ጋ ይቀመጥ" ብሎ ወጣ።

ኤምሪ ቨርሊንን ዳግመኛ እንደማያየው እርግጠኛ ነበር። ዛሬ ግን፣ በረቡዑ፣ በዚያው ሰዓት በሩ ተከፈተ። ቨርሊን ባዶ እጁን ገብቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ ወዲያና ወዲህ አለበት።

"ይሄ ነገር ያዘነብላል። የትኛው አናጢ ነው የሠራው?"

ጠዋቱን ሙሉ ሞረድ ያላነሳው ኤምሪ በርጩማውን ገልብጦ እግሮቹን አንድ በአንድ መረመረ። አንዱም እንከን የለበትም።

"ልክ ነህ፣ አንዱ አጥሯል" አለ። "ጊዜ ይፈልጋል። የሚቀጥለው ረቡዕ ና።"

ቨርሊን ሲተኩስበት በኖረው ስድስተኛው የመተኮሻ መስመር የፊታችን ቅዳሜ በእሱ ፋንታ ከቦዝማን ከተማ የመጣች ሴት ትቆማለች።