«ሳማትና ገላግለን!»

ፍቅር ሲዘገይ የማይወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በጦርነቱ ሰሞን መርሳ ከተማ፣ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ገጥሞኝ ደሜን አፍልቶታል። ሰይድ ይባላል፤ ሽንኩርት ነጋዴ ነው።

ፊልሙ ስለ ሯጮች ነበር። ልጁና ልጅቷ ግማሹን ፊልም አብረው ይሮጣሉ እንጂ አይነካኩም። በኋላ እግሯ ወለም ሲላት ተንበርክኮ ጫማዋን ፈታላት፤ እጁም ቁርጭምጭሚቷ ላይ ትንሽ ቆየ። ቤቱ ሙሉ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። እኔማ እስከ ጆሮዬ ሞቀኝ። ከዚህ በላይ ምን ይምጣ?

«ሳማትና ገላግለን!» ብሎ ጮኸ ሰይድ።

አይ ግፍ! ወጡ ሳይበስል ድስቱን የሚያወርድ! ያ ሁሉ ሩጫ የተሮጠው ለዚች ቅጽበት አይደለም እንዴ? አንገቱን ባንቀው በወደድኩ።

«አንተ፣ ፍቅር እንደ ሽንኩርት በኩንታል የሚጫን መሰለህ? ቀስ ሲል አይደል የሚጥመው?» ብዬ ጮኽኩበት።

ዞሮ አየኝ።

«እኔም ቀስ እያልኩ ነበር» አለኝ። «ወልድያ ሽንኩርት ባደረስኩ ቁጥር የምወዳትን ልጅ፣ ከድጃን፣ ሰላም ብቻ ብያት እመለስ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ጦርነቱ መንገዱን ዘጋው። ወላሂ፣ ስሜን እንኳ አታውቀውም።»

ወደ ፊልሙ ዞርኩ። ንዴቴ ግን የትም አልሄደም። ልጁ አሁንም ቁርጭምጭሚቷን ይዞ ተንበርክኳል።

«መንገድ ሳይዘጋብህ ሳማት፣ አንተ ደንቆሮ!» ብሎ አንዱ አምባረቀ።

እኔ ነኝ።