ጥይት የማይበሳው ክፍል

አዳማ ውስጥ ቤት የሚፈልግ ሰው ድሮ የሚጠይቀው ውኃው በስንት ቀን እንደሚመጣና ክፍሉ ከሰዓት በኋላ ምን ያህል እንደሚሞቅ ነበር። አሁን ጥያቄያችን አድጓል። ግድግዳው ምን ይችላል?

ነገሩ የመጣው ከሠርግ ነው። ለደስታ ወደ ሰማይ ከተተኮሱት ጥይቶች አንዱ ሰማዩን ስቶ የሰፈራችንን ሱቅ ብሎኬት በሳና ስኳር ጆንያ ውስጥ ተገኘ። ሰው አልተነካም፤ ሰፈሩ ግን በአንድ ጊዜ የግድግዳ ሊቅ ሆነ። ቀዳዳውን በጣቱ ያልለካ ወንድ የለም። የሽጉጥ ጥይት ብሎኬት ላይ ይደክማል አሉ። ክላሽ ግን ውስጡ ባዶ የሆነውን ብሎኬት እንደ ብስኩት ሰብሮት ያልፋል፤ ውስጡ ኮንክሪት ከተሞላ ይይዘዋል፣ ያውም አንድ ቦታ ደጋግመው ካልመቱት። ዲሽቃ ከሆነ ስለ ግድግዳ ማውራቱን ትታችሁ ጸልዩ። ይህን ሁሉ የተማርኩት ፀጉር ቤት ቁጭ ብዬ ነው።

ባለቤቴ ጥንቁቅ ሰው ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን የመኝታ ቤታችንን ጉዳይ መረመረ። እንደምታውቁት በከተማችን ብዙ ግቢ፣ በኛም ጭምር፣ አከራዩ ወደ ጓሮ፣ ተከራዩ መንገድ ዳር ባለው ሰርቪስ ነው የሚኖረው።

"የሰርቪሱ የፊት ግድግዳ፣ የሰርቪሱ የኋላ ግድግዳ፣ ከዚያ የኛ" አለ በጣቱ እየጠቆመ። "እኛ ጋ ሲደርስ ምን አቅም ይኖረዋል?"

እፎይ ብለን ምሳችንን በላን። ሳህኑን ሳነሳ ነው ትዝ ያለኝ። በሁለቱ የሰርቪስ ግድግዳዎች መሃል ተከራያችን ሰዓዳ ከሕፃን ልጇ ጋር ትተኛለች።

"ሰዓዳንስ ቆጠርካት?"

"እሷ ግድግዳ ናት እንዴ?"

ሳያስበው ነው የተናገረው። የከፋኝም ሳያስበው መሆኑ ነው። እኔስ ብሆን በልቼ አልነበር?

ነዝንዤ ነዝንዤ የሰዓዳ የመንገድ ዳር ግድግዳ ፈርሶ በተሞላ ብሎኬት እንዲሠራ አስወሰንኩ። የምሥራቹን ልነግራት ፊቴ በርቶ ሄድኩ። ልጇን አዝላ ለገበያ የምታወጣውን ልባሽ ጨርቅ ታጥፋለች።

"ሰዓዳዬ፣ ግድግዳሽን ልናድስልሽ ነው። ለጥቂት ቀን ብቻ ትወጪልናለሽ።"

እጇ ቆመ።

"እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?"

"ኧረ ምንም! ለጥይት ብለን ነው።"

"የምን ጥይት? ወላሂ እኔ ጥይት አልፈራም። ግድግዳው እንደሆነ ምንም አይልም፣ ይኸው!" ብላ በቡጢ መታችው። አሸዋ ረገፈ። "ኪራይ ጨምሪ ካሉኝም ይንገሩኝ።"

በአገራችን አከራይ ተከራዩን ውጣ አይልም፤ ቤቱን ላድስ ነው ይላል። ታድሶለት የተመለሰ ተከራይ እኔም አላውቅም። ስለዚህ መማል ጀመርኩ። በማልኩ ቁጥር ይበልጥ ጠረጠረችኝ። ቅዳሜ ፍራሿን ባጃጅ ላይ ጭና፣ "አላህ ይስጥልኝ እትዬ" ብላኝ ሄደች።

ግድግዳው እንዳለቀ ደወልኩላት።

"ነይ እንጂ፣ ኪራዩም ያው ነው።"

"ቀብድ ከፍያለሁ፣ እትዬ። ወደ ሞጆ መውጫ ነው፣ አስፋልቱ ዳር። ቆርቆሮ ስለሆነ ማታ ማታ ቶሎ ይቀዘቅዛል።"

"ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው?"

"አዎ። ምነው?"

"ምንም" አልኳት።

ባለቤቴ አዲሱን ግድግዳ በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

"ከግቢው ሁሉ አስተማማኙ ክፍል ይሄ ሆነ እኮ" አለ። "ተከራይ እስክናገኝ አልጋችንን እዚህ ብናደርገውስ?"

አልጋውን በወዲያኛው ጫፍ ያዝኩለት።