ያልታሰሩት ዕጩ

ከተማን ከተማ የሚያሰኘው መናኸሪያና ባንክ አይምሰላችሁ። ከተማ የሚባለው አንድ የማይሰለቸው ተቃዋሚ ሲኖረው ነው! የትም ሂዱ፣ ታገኙታላችሁ። ኮቱ በበጋም በክረምትም ያው ነው፤ የደረት ኪሱ ሕገ መንግሥት ተሸክሞ ወደ ታች ተጎትቷል፤ ስብሰባ ላይ እጁን ሲያወጣ መድረክ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ባንድ ላይ ሰዓታቸውን ያያሉ። የእኛው፣ የአርባ ምንጩ፣ ክቡር ዕጩ ዳልጮ ኦይታ ይባላሉ።

በሙያቸው ፍሪጅ ጠጋኝ ናቸው። በታችኛው ሰፈራችን በሲቀላ ዓሣው ሳይበላሽ የሚያድረው፣ ለስላሳው ቀዝቅዞ የሚጠጣው በእሳቸው ጥበብ ነው። የሚያሳድዳቸው መሥሪያ ቤት እንኳ ፍሪጁ ሲሞትበት ሌላ ሰው አያገኝም። ሄደው ይሠሩለታል፤ እየሠሩም ስለ ሥልጣን ክፍፍል ያስተምሩታል። አቋርጦ ማስወጣት አይቻልም፤ ጋዙ ያመልጣላ!

"ይመዝገብልኝ!" ይላሉ። ቀበሌ ስብሰባ ላይ "ይመዝገብልኝ!" ሰርግ ላይ ሥጋው ሳይደርሳቸው ካለፈ "ይመዝገብልኝ!" አንድ እሁድ ቸርች ውስጥ ሰባኪው ሰዓቱን ሲያልፍ ከኋላ ወንበር "የተሰጠው ጊዜ ማለፉ ይመዝገብልኝ" ቢሉ፣ የተራበው ጉባኤ በሙሉ አሜን ብሏል።

አምስት ጊዜ ተወዳደሩ፣ አምስት ጊዜ ወደቁ። የፓርቲያቸውን ስም ሙሉውን ጠርቶ ለመጨረስ ከሲቀላ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ድረስ በባጃጅ የመውጣት ያህል ጊዜ ይፈጃል። ምልክታቸው እንዲሆን እንሰት ጠየቁ፤ ጃንጥላ ተሰጣቸው። አዳራሽ ሲጠይቁ "አዳራሹ ቀለም እየተቀባ ነው" ይባላሉ። አምስት ምርጫ ሙሉ! በዚህ ስሌት ግድግዳው አንድ ክንድ ቀለም ለብሶ እስካሁን ሰው የሚያስገባ ቦታ ባልቀረው ነበር። እሳቸው መች ይረታሉ! ወደ ጨንቻ የሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ይገቡና ከሹፌሩ ኋላ ይቀመጣሉ። አቀበቱ ሲጀምር ንግግራቸውን ይጀምራሉ። ተሳፋሪው የት ይሄዳል? በመስኮት በኩል ገደል፣ በውስጥ በኩል ጋሽ ዳልጮ!

ባለፈው ምርጫ በገዛ ሰፈራቸው ምርጫ ጣቢያ ዜሮ ድምፅ አገኙ። ቤት ገብተው ባለቤታቸውን ወይዘሮ በለጥሽን ረዘም አድርገው አዩ።

"ምን ታየኛለህ?" አሉ በለጥሽ። "የእኔን ድምፅ ትተህ መጀመሪያ የራስህን ፈልግ!"

እስሩም እንደ ምርጫው ወቅቱን ጠብቆ ይመጣል። በመጀመሪያው ምርጫ የታሰሩት ያለ ፈቃድ ጃንጥላ ይዘው በመገኘታቸው ነው፤ ግንቦት ነበር፣ ዝናቡም ይወርድ ነበር። በሁለተኛው "ለራሳቸው ደህንነት ሲባል" ተባለ። በሦስተኛው የተፈለገው ሌላ ሰው ነበር፤ እሱ ሲጠፋ ጋሽ ዳልጮ ቅርብ ስለነበሩ እሳቸው ተወሰዱ። ከዚያ ወዲህ ምክንያት መፈለጉም ቀረ። ምርጫ ሲቃረብ በለጥሽ ሻንጣ ያሰናዳሉ፤ የጨንቻ ቡልኮ፣ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ደብተርና እስክሪብቶ። ጋሽ ዳልጮ እስር ቤት ገብተው የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ ማመልከቻ መጻፍ። ለራሳቸው ይጽፋሉ፣ ለጎረቤት እስረኛ ይጽፋሉ፤ አንድ ጊዜ የዓመት ፈቃድ ለተከለከለ ጠባቂ ሳይቀር ጽፈውለት ፈቃዱን አግኝቷል።

እኛስ? እኛማ ሲታሰሩ "አይ ጋሽ ዳልጮ፣ ወንድ!" እንልና ሻያችንን ጨርሰን ወደየሥራችን እንበተናለን። እሳቸው በእኛ ፋንታ ይታሰራሉ፣ እኛ በእሳቸው ፋንታ እንኮራለን።

ዘንድሮ ታዲያ ጉድ ፈላ። ምርጫው ደረሰ፣ እስሩም ጀመረ። የፓርቲያቸው ጸሐፊ ታሰረ። በራሪ ወረቀት ያተመላቸው ሰውዬ፣ በሕይወቱ ለማንም ድምፅ ሰጥቶ የማያውቅ ምስኪን፣ ታሰረ። ከአባያ ሐይቅ ዳር አሥራ አራት የሙዝ ገበሬዎች "የመስኖ ውሃችን ተዘጋብን" ብለው በጋራ አንድ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ደብዳቤው ለካ ተነቧል፤ የፈረሙት ሁሉ ተለቅመው ገቡ።

ጋሽ ዳልጮ ኮታቸውን ለብሰው፣ ሻንጣቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ሳሎን ተቀመጡ። ሰኞ አለፈ። ማክሰኞ አለፈ። ሐሙስም አለፈ። በር ያንኳኳ የለም!

ከተማው ማውራት ጀመረ። የጅምላ ነጋዴው ባድሩ ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ ጠራቸው።

"ክቡር ዕጩ! እንዴት ነው፣ ሰላም አደሩ?"

"ሰላም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"እሱን እኮ ነው የምለው። በጣም ሰላም አደሩ።"

ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ፍሪጃቸው የተበላሸ ደንበኞች "ተሽሎታል፣ አይድከሙ" ማለት ጀመሩ። በለጥሽን የቸርች ሴቶች ከበው "ጌታ ይባረክ እህታችን፣ ዘንድሮስ ምነው ረሷችሁ?" አሏቸው፤ ቃሉ ጸሎት ነው፣ ዓይናቸው ግን ሌላ ነገር ይላል። ተሸጠዋል ተባለ። ጓደኞቻቸውን አሳልፈው ሰጥተዋል ተባለ። ሃያ ዓመት የገነቡት ስም በአንድ ሳምንት ሰላም ተናደ! ልብ በሉ፤ እሳቸው ለምን አልታሰሩም ብሎ ያልጠየቀ ሰው አልነበረም። እኛ ራሳችን ለምን ታስረን እንደማናውቅ የጠየቀ ግን አንድ ሰው አልተገኘም።

ዓርብ ጠዋት በለጥሽ ሻንጣውን አንሥተው ባላቸው ጭን ላይ አስቀመጡት።

"ተነሥ።"

"ወዴት?"

"ወደ ጣቢያ። የእስረኛ ሚስት እየተባልኩ ሃያ ዓመት አንገቴን ቀና አድርጌ ሄጃለሁ። በስተርጅና የከዳተኛ ሚስት አልባልም። ሳትታሰር እንዳትመለስ!"

ሄዱ። ኢንስፔክተር ሲላስ በሥራ ላይ ነበር። ሦስት ጊዜ ያሰራቸው፣ እሳቸው ደግሞ የጣቢያውን ፍሪጅ ሁለት ጊዜ የጠገኑለት ሰው ነው። የተባባሉትን በረንዳው ላይ የቆመ ሁሉ ሰምቶታል፤ ጋሽ ዳልጮ ቀስ ብሎ ማውራት አልፈጠረባቸውም።

"ሲላስ ልጄ፣ መጥቻለሁ።"

"እንኳን ደህና መጡ ጋሼ። ማንን ሊጠይቁ?"

"ማንንም። ልታሰር።"

ኢንስፔክተሩ መዝገቡን ገለጠ፣ በጣቱ ወረደ፣ እንደገና ወጣ። "ስምዎ የለም ጋሼ።"

"በደንብ እይ እንጂ! 'ክቡር' በሚለው ፈልግ።"

"እስረኞች ዝርዝር ላይ የለም። እዚህኛው ላይ ግን..." አለና ሌላ ወረቀት በመዳፉ ሸፈነ።

"አንብበው።"

"ጋሼ፣ ይቅርብዎ።"

"አንብበው ብያለሁ!"

"'ዳልጮ ኦይታ። ተከታይም ተፅዕኖም የሌለው። ክትትል አያስፈልገውም።' ከላይ የመጣ ነው ጋሼ፣ እኔ አልጻፍኩትም።"

"ከላይ የት? ጨንቻም ከላይ ነው!" ብለው ጠረጴዛውን መቱ። ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም፤ መሐል ላይ ተሰነጠቀ። ዱላ ችለዋል፣ ቅዝቃዜ ችለዋል፤ ይህን የሚችሉበት ቡልኮ ሻንጣው ውስጥ አልነበረም። ትንፋሻቸውን ሰብስበው "እንግዲያው ጻፍልኝ" አሉ። "'ዳልጮ ኦይታን ያላሰርነው ስለናቅነው እንጂ ስለገዛነው አይደለም' ብለህ ጻፍና ማኅተም ምታበት። ለሚስቴ አሳያታለሁ።"

"ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ፎርም የለንም።"

ወጡ። በሩ ላይ፣ አጥሩን ተደግፈው፣ ምግብ በፌስታል የያዙ የገበሬዎቹ ሚስቶች ተቀምጠዋል። ኢየሩስ የምትባል አንዲት ወጣት ሴት ፌስታሏን እቅፍ አድርጋ ታለቅሳለች። ጋሽ ዳልጮ የራሳቸው ኀዘን ስለሞላቸው አልፈዋት ሄዱ። አምስት እርምጃ ያህል ሄደው ቆሙ፤ ተመለሱ።

"ባልሽ ከታሰረ ስንት ቀኑ ነው?"

"ስድስት፣ አባባ።"

"ፍርድ ቤት ቀረበ?"

"ምን ፍርድ ቤት?"

"እንዴት ምን ፍርድ ቤት!" ብለው ጮኹ። በረንዳው ላይ ያለው ፖሊስ ዘለለ። "ሕገ መንግሥቱ አርባ ስምንት ሰዓት ነው የሚለው! ስድስት ቀን ማለት ስንት ሰዓት ነው? ቁጭ በይ። ስሙን ንገሪኝ።"

ሻንጣቸው ላይ ተቀመጡ፣ ደብተር አወጡ፣ ጉልበታቸው ላይ አድርገው መጻፍ ጀመሩ። አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ! ለራሳቸው ስንቴ ጽፈውታል፤ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር በቃላቸው ነው። የኢየሩስ ሲያልቅ ከጎኗ ያለችው ተጠጋች። ቀጥሎ ሌላዋ። ወሬው ሲቀላን አዳረሰ። የበራሪ ወረቀቱ አታሚ እናት፣ በሌላም ሰበብ የታሰሩ ሰዎች ዘመዶች መጡ። እኩለ ቀን ላይ ወረፋው አጥሩን ዞሮ ነበር! ደብተራቸው ሲያልቅ ባድሩ አንድ እሽግ ወረቀት በብብቱ ይዞ ከተፍ አለ፤ አጠገባቸው አስቀመጠና ማንንም ሳያይ ከወረፋው ጫፍ ቆመ። የተጻፈውን አቤቱታ እየሮጡ ፍርድ ቤት የሚያደርሱት በለጥሽ ነበሩ። "ተቀብለውኛል!" እያሉ ይመለሳሉ፣ ያን ያህል ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም።

አሥር ሰዓት ሲያልፍ ኢንስፔክተሩ ስልኩን በእጁ እንደያዘ ወጣ።

"ጋሼ፣ ተደውሏል። ሰልፍ ጠርተዋል እየተባለ ነው።"

"ሰልፍ አይደለም፤ ወረፋ ነው።"

"የሆነው ይሁን፣ ታዝዣለሁ። በቃ፣ ይነሡ እንግባ።"

ያ ሁሉ ሲያማቸው የከረመ ሰው እዚያ ቆሟል። ተነሥተው ሁለት እርምጃ ቢራመዱ ስማቸው በከተማው ፊት ታጥቦ ሊነጻ ነው። ጠዋት ደጅ የጠኑለት ነገር ራሱ ወደ እሳቸው መጥቷል። ጋሽ ዳልጮ ከወረቀቱ ቀና አላሉም።

"ስንት ሰዓት ነው?"

"አሥር ተኩል።"

"መዝገብ ቤቱ አሥራ አንድ ተኩል ይዘጋል። አምስት ሰው ይቀረኛል። ሰኞ እሰረኝ።"

"ጋሼ!"

"ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ራሴ እመጣልሃለሁ አልኩህ እኮ። አሁን ሥራ ላይ ነኝ።"

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ኢንስፔክተሩ አነሣው። "አቤት ጌታዬ... አዎ፣ እየተነጋገርን ነው" አለና እዚያው ቆመ።

ከቀሩት አምስት ሰዎች አራተኛው እኔ ነበርኩ። የእህቴ ባል ከሙዝ ገበሬዎቹ ጋር ፈርሞ ውስጥ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሻይ ቤት ተቀምጬ "ዳልጮማ ተሸጠ!" ስል የከረምኩትም እኔው ነኝ፤ እንዳልኩ ያውቃሉ፣ በዚህ ከተማ ምን ይደበቃል? ተራዬ ደረሰ። ቀና ብለው አዩኝ። እጃቸው በቀለም ጠቁሯል፣ ዓይናቸው ግን እንዲህ በደስታ ሲበራ አይቼው አላውቅም።

"ፈጠን በል እንጂ!" አሉኝ። "የታሳሪው ስም?"

ነገርኳቸው።

"የአመልካቹስ?"

ኢንስፔክተሩ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሟል፤ ጆሮውም ደህና ነው። ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው ሁሉ እንዲሰማ፣ ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።